የጊታር ክር ፋብሪካው ማይክሮሶፍትን ለምን አስወጣ? የኧርኒ ቦል ጉዳይ

ጊታር የሚጫወት ሰው ኧርኒ ቦል የሚለውን ስም ያውቀዋል። ስሊንኪ የሚባሉት ክሮች የዚህ ኩባንያ ናቸው። ኤሪክ ክላፕተንም ኪዝ ሪቻርድስም ተጫውተውባቸዋል። ኩባንያው የቤተሰብ ነው። አባትየው ኧርኒ ቦል ካሊፎርኒያ ውስጥ ጊታር ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀጠን ያሉ፣ ለጣት የማይከብዱ ክሮችን ገበያ ላይ አዋለ። በ1980ዎቹ ሚውዚክ ማን የተባለውን ጊታር ሠሪ ገዛ፤ ሥራውንም ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ወደምትባል ትንሽ ከተማ አዛወረ። ይህ ጉዳይ ሲፈጠር ኩባንያውን የሚመራው ልጁ ስተርሊንግ ቦል ነበር።

ስለ ሶፍትዌር ላይሰንስ ለመጻፍ የጊታር ክር ሠሪ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ቦታ ወደሚጫን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ስለመሄድ ሲነሳ ሁሌም የሚጠቀሱት የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደርና ዣንዳርመሪ የሚባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ናቸው። እነሱ መንግሥት ናቸው። በጀት አላቸው፣ የራሳቸው መሐንዲሶች አሏቸው። ኧርኒ ቦል ግን በዚያን ጊዜ የነበሩት ዴስክቶፖች 72 ነበሩ። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ድርጅት ሊኖረው የሚችል ቁጥር ነው። ስለዚህ ከሙኒክ ይልቅ ከዚህ ኩባንያ የምንማረው ነገር ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ2000 ነው። ስተርሊንግ ቦል በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ አንድ ቀን ስልክ ተደወለለት። የታጠቁ የፌደራል ማርሻሎች፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ የመንግሥት ፖሊሶች፣ በር ላይ ቆመዋል ተባለ። የመጡት ስለ ሶፍትዌር ላይሰንስ ነው። እሱ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልደነገጠም። ኮምፒውተር የሚገዛው ሕጋዊ ሶፍትዌር ከተጫነበት ጋር ስለሆነ ችግር የለብኝም ብሎ ያምን ነበር። ጠበቃው ግን ነገሩ ሊከፋ እንደሚችል ነገረው።

ከማርሻሎቹ ጀርባ የነበረው ቢዝነስ ሶፍትዌር አሊያንስ ነው፤ በአጭሩ ቢኤስኤ። ይህ በ1988 የተቋቋመ የትልልቅ ሶፍትዌር ሠሪዎች ማኅበር ሲሆን ማይክሮሶፍት ከዋነኞቹ አባላት አንዱ ነው። ሥራው የአባላቱን ሶፍትዌር ሳይከፍል የሚጠቀም ድርጅት መፈለግና ማስከፈል ነው። ጥቆማ የሚሰበስበው ደግሞ በአብዛኛው ከሠራተኞች ነው። ስተርሊንግ እንደሚለው በዚያን ጊዜ ያኮረፉ ሠራተኞች አለቃቸውን እንዲጠቁሙ የሚገፋፋ ዘመቻ ነበራቸው፤ የእሱም ኩባንያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሥራ ቆመ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ተፈተሸ። ውጤቱ ሲወጣ ላይሰንስ የሌላቸው ጥቂት ደርዘን የፕሮግራም ቅጂዎች ተገኙ። በስተርሊንግ ግምት ከደንቡ ውጭ የነበሩት 8 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ማለት ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ስምንት በመቶው እንዴት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

ኩባንያው አሮጌ ኮምፒውተር አይጥልም ነበር። የምሕንድስና ክፍሉ ጠንካራ ማሽን ስለሚፈልግ በየጊዜው አዲስ ይገዛለታል። የድሮው ማሽን ደግሞ ጽሕፈት ወደሚሠራ ሰው ይተላለፋል። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ከበቂ በላይ ነው። ማንም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ግን ሃርድ ዲስኩ ሳይጠፋ ማሽኑ ሲተላለፍ፣ መሐንዲሱ ይጠቀምባቸው የነበሩት ፕሮግራሞች እዚያው ላይ ይቀራሉ። መሐንዲሱ አዲሱ ማሽን ላይ ያንኑ ፕሮግራም ይጭናል። አሁን አንድ ላይሰንስ ሁለት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ጸሐፊዋ ያንን ፕሮግራም አንድ ቀን እንኳ ከፍታ ባታየው ለውጥ የለውም። ሃርድ ዲስኩ ላይ ካለ ጥሰት ነው። እንደማይጠቀሙበት ቢታወቅም ጥሰት ነው።

የቢሮ ወንበር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም። ሶፍትዌር ግን እንደ ወንበር አይገዛም። የምንገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቅጂ ላይ የታሰረ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ስተርሊንግም ጥሰቱ አልነበረም ብሎ አልተከራከረም። እኔም ኩባንያው ንጹሕ ነበር ልል አልፈልግም። ሃርድ ዲስክ ፎርማት አድርጎ ማስተላለፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ አልተሠራም። የሚያንገበግበው ግን በጥፋቱና በአያያዙ መካከል ያለው ርቀት ነው። ለዓመታት ከፍሎ የገዛ ደንበኛ ነው። አንድ ደብዳቤ ተጽፎለት፣ ቆጥረህ የጎደለውን ክፈል ቢባል ይከፍል ነበር። የተላኩለት ግን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ናቸው።

ስተርሊንግ መታገል ፈልጎ ነበር። የአንድ ባለቤትና የአንድ ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ አስተሳሰብ እንደሚለያይ ሲናገር ይህን ነው የሚያነሳው። የቤተሰቡን ስም ነክተዋል፣ በከተማው ፊት አሳፍረውታል። ጠበቃው ግን ሒሳቡን አስቀመጠለት። በእነሱ በኩል ብቻ ክርክሩ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ስተርሊንግ እንደሚለው የሌላውንም ወገን የጠበቃ ወጪ የሚሸፍነው እሱ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ የሰማ የክር ፋብሪካ ባለቤት ምን ያደርጋል? ከፈለ። 65,000 ዶላር ለስምምነቱ፣ 35,000 ዶላር ለጠበቃ። ድምር 100,000 ዶላር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስለ ኧርኒ ቦል የሚያወራ አይኖርም ነበር። ብዙ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ቅጣት ከፍለው፣ ላይሰንሳቸውን አሟልተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቀጥለዋል። እዚህ ግን ኩባንያው መማሪያ ተደረገ። ጉዳዩ በምሽት ዜና ታየ። ቢኤስኤ በአካባቢው ባወጣቸው ማስታወቂያዎች ላይ የኧርኒ ቦልን ስም አነሳ፤ ላይሰንሳችሁን ካልተቆጣጠራችሁ እንዲህ ትሆናላችሁ ለማለት። ያ ሁሉ ዓመት ጥሩ ክር በመሥራት የተገነባ ስም የሌባ ምሳሌ ሆነ። ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ሠራተኛውም ጎረቤቱም ባንክ ቤቱም በሚያውቅህ ቦታ፣ ይህ ከገንዘቡ በላይ ያማል።

ያን ጊዜ ነው ስተርሊንግ የአይቲ ክፍሉን ጠርቶ ቁርጡን የነገራቸው። በ6 ወር ውስጥ የማይክሮሶፍት ምርት ከዚህ ኩባንያ ይውጣ አለ። አሥር ሺህ አባከስ መግዛት ቢኖርብንም ግድ የለኝም፣ በክፉ ከሚያስተናግደን ጋር አንነግድም አለ። አባከስ ያ በእንጨት ፍሬ የሚቆጠርበት የጥንት መደመሪያ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የኮምፒውተር ሰው አይደለም። ስለ ሊኑክስ ፍልስፍና አላነበበም። ከዚያ በፊት የማይክሮሶፍት ደጋፊ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ውሳኔው የመጣው እኔ ደንበኞቼን እንዲህ አድርጌ አላስተናግድም ከሚል ንዴት ነው። ንዴት መጥፎ አማካሪ ነው ይባላል። እዚህ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል፤ ውሳኔውን የሰጠው ከላይ ያለው ሰው ሆነ። ወደ ሊኑክስ ለመሄድ የሚሞክር ቢሮ በብዛት የሚከሽፈው የአይቲው ልጅ ፈልጎት ሥራ አስኪያጁ ስላልፈለገው ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ ይህ ነገር አልገባኝም ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ በል የድሮውን መልስላት ይላል። ኧርኒ ቦል ውስጥ ያ በር ተዘግቶ ነበር። የድሮውን መልሱ የሚል አለቃ አልነበረም።

የአይቲ ክፍሉ ምን መረጠ? ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ የሚያሰራጨውን ሊኑክስ። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ኦፕን ኦፊስ። ለኢንተርኔት ሞዚላ ብራውዘር። በነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ሊቀዳውና ሊያካፍለው በሚችል ሶፍትዌር፣ ሊተኩ ያልቻሉ ጥቂት የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ግን እዚያው ቀርተዋል። ይህን ብዙ ሰው ታሪኩን ሲደግመው ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ነቅለን እንጣል የሚል ሰው ቆይቶ የሚመለሰው በእነዚህ ጥቂቶች ምክንያት ነው።

በ2003 ስተርሊንግ ሊኑክስ ወርልድ በተባለው ትልቅ የንግድ ትርዒት ላይ ንግግር አደረገ። የክር ነጋዴ በፕሮግራመሮች መካከል። ሰው የጠየቀው ያንኑ ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው፤ ሠራተኞቹ እንዴት ሆኑ? መልሱ ሽግግሩ ቀላል ነበር የሚል ነው። ኢሜይል፣ ሠንጠረዥ፣ ጽሕፈት ነው የሚሠሩት፤ ዊንዶውስ ላይ እንደመሥራት ነው አለ።

ስለ ገንዘቡም ተጠይቋል። ወዲያው 80,000 ዶላር እንዳተረፈ ተናግሯል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የመሰለ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ደግሞ እሱን የሚችል አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ስለማያስፈልገው ቁጠባው ይጨምራል። አንድ ተንታኝ ወደ ነጻ ሶፍትዌር መዞር በሰው 1,250 ዶላር ያስወጣል ብሎ ነበር። የእኛ ከዚያ ጋር አይቀራረብም አለ። ግን የራሱን ትክክለኛ ቁጥር ለመዘርዘር አልፈለገም። ምክንያቱ ደስ ይለኛል፤ እኔ አቋሜን የሚደግፍ ቁጥር ማምጣት እችላለሁ፣ ሌላውም ሰው የራሱን ማምጣት ይችላል ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ወንበር ላይሰንስ እንደማይከፍል ግን ያውቃል። የድጋፍ ወጪስ ሲሉት፣ የምን ድጋፍ አለ። ሬድ ሃት ጋር መደወል አላስፈለገውም። ቫይረስም የለብንም አለ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ነገር ነው። ዊንዶውስ 2000ን መሸከም ስላልቻሉ ጥግ የተጣሉ ማሽኖች ነበሯቸው። የአይቲ ሰዎቹ እነዚህን መልሰው አወጧቸው። ሥራው የሚሠራው ሰርቨሩ፣ ሌሎቹን ማሽኖች የሚያገለግለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ ማሽን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ከማገናኘት የዘለለ ብዙ አይጠበቅበትም ነበር። ፕሮግራሙም ፋይሉም ያለው አንድ ቦታ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ጋ ችግር ሲፈጠር የአይቲው ሰው ከሕንፃው ጥግ እስከ ጥግ አይሮጥም ነበር፤ ከወንበሩ ሳይነሳ ያስተካክል ነበር። አዲስ ማሽን ካስፈለገም ዕቃውን ገዝተው ራሳቸው ይገጣጥሙ ነበር።

አሮጌ ኮምፒውተር ማስተላለፍ ነበር ያስቀጣቸው። ከሽግግሩ በኋላ ያንኑ አሮጌ ኮምፒውተር ለፈለጉት ሰው፣ በፈለጉት ጊዜ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ማስተላለፍ ቻሉ። የዚያን ጊዜውን የሬድ ሃት ሲዲ አንዴ ካገኙ በስንት ማሽን ጫናችሁ የሚል አልነበረም። የኦፕን ኦፊስ ፈቃድ ራሱ ቅዱና አካፍሉ ይላል። እኔ ነጻ ሶፍትዌርን የምወደው በዋጋው ሳይሆን በዚህ ነው። መሣሪያህን ማን ይጠቀምበት የሚለውን የምትወስነው አንተ ነህ።

ኧርኒ ቦል ዊንዶውስን በሚያስወጣበት በዚያው ሰሞን ማይክሮሶፍት አንድ አዲስ ነገር አመጣ፤ አክቲቬሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይሰንስ እንዳለው ማይክሮሶፍት ጋር ማስመዝገብ። መጀመሪያ ኦፊስ ኤክስፒ፣ ከዚያ ኦክቶበር 25 ቀን 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ። በ2000 ማርሻል ተልኮ የተቆጠረውን አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ይቆጥረው ጀመር። ባለ 25 ፊደል ቁልፍ ታስገባለህ። ዊንዶውሱ የማሽንህን ዕቃዎች አይቶ፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ኔትወርክ ካርዱን፣ ራሙን፣ አንድ መለያ ይሠራል። ያ መለያ ከቁልፉ ጋር ወደ ማይክሮሶፍት ይላካል። በ30 ቀን ውስጥ ካላደረግከው ዊንዶውሱ አያስገባህም። በኋላ ማዘርቦርድ ብትቀይር ወይም ብዙ ዕቃ አንድ ላይ ብትለውጥ፣ ሌላ ማሽን ነው ብሎ እንደገና ይጠይቅሃል።

ኢንተርኔት የሌለው ሰው በስልክ ነበር የሚያደርገው። ስክሪኑ ላይ በቡድን በቡድን የተከፈለ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ይወጣል። እሱን ለማሽኑ ድምፅ ታነባለህ። እሱ ደግሞ ሌላ ረጅም ቁጥር ያነብልሃል፤ አንተ እየሰማህ ትጽፋለህ። አንዷን አኃዝ ከተሳሳትክ ከመጀመሪያው። ከፍለህ ስለገዛኸው ዕቃ ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው።

በዚያን ጊዜ ትልልቅ ድርጅቶች የሚገዙት የጅምላ ላይሰንስ አክቲቬሽን አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ የሾለኩ የጅምላ ቁልፎች ዓለምን አዳረሱ። የኮረጀው ሰው ቁልፉን አስገብቶ በሰላም ይሠራል። የገዛው ሰው ስልክ ላይ ቁጥር ያነባል። ከኤክስፒ ቀጥሎ በመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ይህ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ድርጅቶችም የራሳቸው የአክቲቬሽን ሰርቨር ማቆም ወይም ለተወሰነ የማሽን ቁጥር ብቻ የሚሠራ ቁልፍ መጠቀም ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ ኦገስት 2007 መጣ። የዊንዶውስን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት የማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ተበላሹ። ለ19 ሰዓት ያህል ትክክለኛ ዊንዶውስ የገዙ ሰዎች ማሽናቸው የተሰረቀ ቅጂ ነው ተባሉ። ቪስታ የነበራቸው አንዳንድ ነገሮች ተዘጉባቸው። ማይክሮሶፍት ያልተጠናቀቀ ኮድ በስህተት ሥራ ላይ ወዳሉ ሰርቨሮች ተልኮ ነው አለ። የተነኩት ከ12,000 ያነሱ ማሽኖች ናቸው፤ ከጠቅላላው አንጻር ጥቂት ነው። ግን ጉዳዩ ከኧርኒ ቦል ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። የከፈለው ሰው ነው ራሱን የሚያስረዳው። ያልከፈለውን ያ ሰርቨር ቢቆምም ባይቆምም ደንታው አይደለም።

እኛ ሀገር ይህን ታሪክ ሳወራ የሚመለስልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ታዲያ ክራክ አያደርጉትም ነበር? ማለትም ሳይከፍሉ ቁልፉን ሰብረው አይጠቀሙበትም ነበር?

ጥያቄው የዋህ ነው፤ የሚጠይቁትንም አልወቅስም። እዚህ ስንት ቢሮ ነው የዊንዶውስ ላይሰንስ የገዛው? በኢንተርኔት ለመግዛት የፈለገ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፎርማት ያደርጋል፣ ክራኩን ያስነሳል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ወር በኋላ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከታች «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጉ» የሚለው ግራጫ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቅ ይላል። ልጁ ተመልሶ ይጠራል።

ያ ልጅ የሚያስነሳው ፕሮግራም ምን እንደሚያደርግ ብዙ ሰው አያውቅም። አብዛኞቹ ኬኤምኤስ የሚባለውን፣ ለድርጅቶች የተሠራውን የአክቲቬሽን ሰርቨር ያስመስላሉ። ዊንዶውሱ የድርጅት ሰርቨር ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ዓይነቱ አክቲቬሽን በ180 ቀን ውስጥ መታደስ ስላለበት ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ በየጊዜው ይሠራል። ከመጫኑ በፊት ደግሞ መጀመሪያ የሚሰጠው መመሪያ አንድ ነው፤ አንቲቫይረስህን አጥፋ። አስቡት። የድርጅቱ ደመወዝ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የባንክ የይለፍ ቃል ያለበት ማሽን ላይ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም፣ በሙሉ ሥልጣን፣ ጠባቂው ተባሮ። ቫይረስ በየቢሮው ለምን እንደሚርመሰመስ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉስ? የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተጠበቀ ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ በር ላይ የቆመ ማርሻል ስላላየን ብቻ ሕጉ የለም ማለት አይደለም። ከውጭ ድርጅት ጋር የሚሠራ፣ ወደ ውጭ የሚልክ፣ በእርዳታ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ሰው አንድ ቀን ኦዲተር ይጠይቀዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ክራክ የዊንዶውስን ዋጋ ዜሮ አድርጎታል። ስለዚህ ሊኑክስ ነጻ ነው ስትለው ሰው ዊንዶውስም ነጻ ነው ይልሃል። ኧርኒ ቦልን ያስቆጨው ደረሰኝ እኛ ጋር የለም። ደረሰኝ የሌለው ሰው አማራጭ አይፈልግም። በዚህ የተነሳ ተማሪዎቻችን ሕጋዊ በሆነ፣ ውስጡን ከፍተው ሊያዩት በሚችሉት ሲስተም ላይ ከማደግ ይልቅ፣ በየስድስት ወሩ በሚቆረጥ የተሰረቀ ቁልፍ ላይ ያድጋሉ። ይህ ያበሳጨኛል፤ መደበቅም አልፈልግም።

ለውጡ ይቻላል? አዎ፣ ግን ኧርኒ ቦል እንዳደረገው የማይተኩትን ለይቶ በማወቅ ነው። እዚህ የመጀመሪያው እንቅፋት የሒሳብ ክፍሉ ነው። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አካውንታንት ማሽን አይነካም። ፒችትሪ ዊንዶውስ ይፈልጋል፣ ሠራተኛው የተማረውም የሚቀጠረውም በእሱ ነው። ለዚህ ማሽን ትክክለኛ ላይሰንስ መግዛት ይሻላል። አንድ ሕጋዊ ዊንዶውስ ከሃያ ክራክ ያነሰ ራስ ምታት ነው። አውቶካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም የሚጠቀም ኢንጂነርም እንደዚያው።

ሁለተኛው የድሮ የአማርኛ ሰነድ ነው። በቪዥዋል ግዕዝና በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ፊደላቸው ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይደለም። ላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ ሥዕል የለጠፉ ፎንቶች ናቸው። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍታቸው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ቦታ ላይ የማይነበብ የምልክት ክምር ታያለህ። ሰዎች ሊኑክስ አማርኛ አይችልም የሚሉት ይህን አይተው ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ያው ሰነድ ፎንቱ በሌለው ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው የሚበላሸው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የአማርኛውን ኪቦርድ አይባስ ከተባለው የኪቦርድ መምረጫ ውስጥ መርጦ በላቲን ፊደሎች ሰላም ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰላም የሚለውን በግዕዝ ያገኛል። ኖቶ እና አቢሲኒካ የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነጻ አሉ። የድሮዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መቀየር ግን ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ማይክሮሶፍት ጋር ለሚቀረውም ቢሆን የማይቀር ሥራ ነው።

የቀረው ሰው ሁሉ፣ ጸሐፊዋ፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ ሽያጩ፣ የሚሠሩት ኧርኒ ቦል ቢሮ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ነው። ደብዳቤ፣ ሠንጠረዥ፣ ኢሜይል፣ ብራውዘር። ዛሬ የኦፕን ኦፊስን ቦታ ከእሱ የወጣው ሊብረ ኦፊስ ይዞታል፤ ብዙው ሥራ ደግሞ ብራውዘር ውስጥ ገብቷል። በ2000 ከነበረው ይልቅ አሁን መዞር በጣም ይቀላል።

ጊዜውም ገፍቶን መጥቷል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየቢሮው ያሉ፣ ገና ብዙ የሚሠሩ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። እነዚህን ማሽኖች ዊንዶውስ 11 በጓሮ በር ለማስገባት ሌላ ክራክ ከመፈለግ በፊት፣ አንዷ ላይ ኡቡንቱን ወይም ሌላውን የሊኑክስ ዓይነት ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አስነሥቶ ሳይጭኑ ማየት ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ፕሪንተሩ ሠራ? ዋይፋዩ ያዘ? አማርኛው ተጻፈ? እነዚህ ሦስቱ ከተሳኩ ከእንግዳ ተቀባዩ ማሽን ጀምሩ። ፒችትሪ ያለባትን የአካውንታንቱን ማሽን የመጨረሻ አድርጉ፤ ምናልባትም ከነአካቴው አትንኳት።